ትሉ እስኪጎብጥ

ታልዋ ቤይ
ማርች 9፣ 1986

ለተከበሩት፣ ለታፈሩት፣ የልብስ መቆንጠጫ በሆስፒታል መስኮት ለሚወረውሩት አያቴ ክላሪ፤

እንደምን ሰነበትክ አባባ? እኛ ደህና ነን። እናቴ ደህና ናት፣ ዶሮዎችህ ደህና ናቸው፣ ባሕሩም ካለበት አልሄደም። የላክኸው ካርድ ደርሶኛል። «ደህና ነኝ። አትምጡ።» ይላል። ሆስፒታሉ ውስጥ ቃል በሚዛን ነው እንዴ የሚሸጥላችሁ?

ስላልመጣን ይቅርታ አድርግልን። እናቴ ዳቦ ቤቱን ጥላ መውጣት አልቻለችም፣ ሲድኒ ደግሞ ጎረቤት አይደለም። ስለ እጅህ አልጠይቅህም። ስትሮኩ ቀኝ ጎንህን ስለመታውም አላወራም። አክስቴ ቬርና ለእናቴ ስለጻፈችው ደብዳቤም አላወራም። መቼ አነበብኩትና! ከስኳር ጣሳው ኋላ ተደብቆ ሳለ እሱ ራሱ ነው ዓይኔ ውስጥ የገባው። በሜይ መጨረሻ ሐኪሞቹ ይሰበሰባሉ ይላል። የሸሚዝህን ቁልፎች ራስህ ከቆለፍክ፣ የሻይ ማንቆርቆሪያውን ራስህ ካነሳህ ወደ ቤትህ ትመለሳለህ። ካልሆነ ቬርና ሰፈር ወዳለው የአረጋውያን መጦሪያ ትገባለህ። እዚያ ኩሬ አለ አሉ። ዓሣ የለውም፣ የፕላስቲክ ዳክዬ ግን አለው። እንዳልኩህ ስለዚህ ጉዳይ አላወራም።

የማወራው ስለ ራሴ ችግር ነው። የዓሣ አጥማጆች ክለቡ የፋሲካ ውድድር ደርሷል፣ እኔ ደግሞ ማባበያ የለኝም። ሱቅ የሚሸጡት ትል የሞተ የጫማ ክር ነው፤ ዓሣው አይቶት ያዝንለታል እንጂ አይበላውም። እውነተኛውን ትል፣ አንተ ከአሸዋው ውስጥ በእጅህ የምትስበውን ረጅሙን ነው የምፈልገው። ግን ለማንም አላስተማርክም። ሰው ሲያልፍ ጎንበስ ብለህ የጫማህን ክር የምታስር ትመስላለህ። በባዶ እግርህ!

ስለዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ። ትሉ ራሱን ብቅ ሲያደርግ የሚይዘው የትኛው ጣት ነው?

የልጅ ልጅህ
ሮዊና


ሲድኒ
ማርች 17

ሮ፤

በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ዶሮ የጫረው ከመሰለሽ ዶሮዋን አትስደቢ።

መቆንጠጫውን አልወረወርኩም። ከእጄ አምልጦኝ ነው። መስኮቱ ክፍት የሆነው በኔ ጥፋት አይደለም። ሽማግሌ ሰው አስቀምጠው ቀኑን ሙሉ መቆንጠጫ ክፈት፣ መቆንጠጫ ዝጋ ይሉታል። የማን ልብስ ተሰጥቶ ነው?

ትል ማንም አላስተማረኝም። ዓይን ያለው ያያል። አውራ ጣትና ሌባ ጣት። በቃ።

የሽታ ከረጢቴ ከጀልባ ቤቱ ጥግ አለ። ጎረቤታችን ሜርቭ እንዳይነካው።

ክላሪ


ታልዋ ቤይ
ማርች 23

ለአባባ ክላሪ፣ ለሁለቱ ጣቶች ፕሮፌሰር፤

ጤና ይስጥልኝ። «አውራ ጣትና ሌባ ጣት። በቃ።» አልከኝ። ሾርባ እንዴት ይሠራል ሲሉት «በውሃ» ብሎ እንደሚመልስ ሰው ነህ። ያም ሆኖ ትምህርቱን ተቀብዬ ወረድኩ።

ከረጢትህን ከጥጉ አወጣሁት። ውስጡ ያለው የዓሣ አጥንትና ጭንቅላት አንተ ከታመምክ ጀምሮ የጎበኘው ሰው ስለሌለ ተቆጥቷል። በገመድ እየጎተትኩት ስሄድ ሽታው ከኔ ቀድሞ ባሕሩ ዳር ደረሰ። ውሃው ሸሽቶ አሸዋው እንደ መስታወት ይበራል። ማዕበሉ ሲመለስ ከረጢቱን እርጥቡ አሸዋ ላይ ወዲያና ወዲህ አደረግኩት፤ ልክ አንተ እንደምታደርገው፣ ቂጤን ለሰማይ ሰጥቼ። ወዲያው ስሱ ውሃ ላይ ትንሽዬ ጭረት አየሁ። ትሉ ራሱን አውጥቶ እያሸተተ ነው! የዛጎል ሥጋ አስጠጋሁለት፣ ነከሰ። ያዝኩት፣ ጎተትኩት፣ ራሱ እጄ ላይ ቀረ። የቀረው ገላው ወደ ጉድጓዱ ተመለሰ፤ እስካሁን ራሱን እየፈለገ ይሆናል። ቀጣዩም እንደዚያው። ከዚያ የቀጠለውም።

ጋሽ ሜርቭ ወንበራቸውን ዘርግተው በሩቅ ማያ መነጽራቸው ይከታተሉኛል። «ልጄ፣ ትል ነው የምትፈልጊው ወይስ ስግደት ላይ ነሽ?» አሉኝ።

«ለእርስዎ ነው የምሰግደው፤ በዚህ ዓመት እንኳን አንድ ዓሣ እንዲሰጥዎ» አልኳቸው። ወንበራቸውን ወደ ሌላ ዞር አደረጉት።

እንግዲህ የጎደለኝ ትንሽ ነገር ነው። አውራ ጣቱ በባሕሩ በኩል ነው የሚሆነው ወይስ በየብሱ? ጣቶቹ ከአሸዋው በታች ይገባሉ? የሚይዘው ጥፍር ነው ወይስ የጣት ሥጋ? በሐሳብህ አትመልስልኝ፤ እጅህን እያየህ መልስልኝ።

ሮዊና

ማስታወሻ፦ ባሕሩ የናፈቀህ መስሎኝ ከከረጢቱ ላይ ትንሽ ጨርቅ ቆርጬ ፖስታው ውስጥ አድርጌልሃለሁ። ቀስ ብለህ ክፈተው።


ሲድኒ
ኤፕሪል 2

ሮዊና፤

ፖስታሽ ደረሰ። መድረሱን ከኔ ሌላ ሕንፃው በሙሉ ያውቃል። ዋናዋ ነርስ «ምንድን ነው የሞተው?» እያለች መጣችና ከየአልጋው ሥር ፈለገች። መስኮቶቹ ሁሉ ተከፈቱ።

አጠገቤ ፓናዮቲስ የሚባል ግሪካዊ ተኝቷል። እሱም እንደኔ አንድ ጎኑን ተመቶ ነው። እኔ ከመጣሁ ጀምሮ ፊቱን ለግድግዳ ሰጥቶ የሚውል ሰው ነበር። ያን ዕለት ግን ቀና ብሎ ተቀመጠና «ዝጉት! መስኮቱን ዝጉት፣ እንዳይወጣ!» ብሎ ጮኸ። ለካ በልጅነቱ በደሴታቸው ዓሣ ሲያጠምድ ነው ያደገው። ይሳቅ ይሁን ያልቅስ አልገባኝም። ነርሷ ጨርቅሽን በልብስ መቆንጠጫ አንጠልጥላ ወሰደችው። መቆንጠጫ ለቁም ነገር ሲውል ያን ቀን አየሁ።

አውራ ጣቱ በየት በኩል ነው ላልሽው፦ ልመልስልሽ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አላውቅም። ዕድሜዬን ሙሉ ያደረግኩት ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ የለም። ግራ እጄን ብጠይቀው እሱ ሁሉን ነገር ገልብጦ ነው የሚያስበው። የሚያውቀው ቀኙ ነው። ቀኙን ብርድ ልብሱ ላይ አወጣሁትና ጠየቅኩት። ዝም አለኝ። የሌላ ሰው እጅ ይመስላል።

ከእንግዲህ ስለዚህ ነገር አትጠይቂኝ። ትሉን ከሱቅ ግዢ።

ክላሪ


ታልዋ ቤይ
ኤፕሪል 8

አባባ፤

ይቅርታ። ይኸው ብያለሁ፤ እንዳትለምደው።

ግን እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እናቴ ስትጠራኝ በመጀመሪያው ጥሪ «አቤት» ብዬ አውቃለሁ? በሁለተኛውስ? ሰምቼ እኮ ነው ዝም የምላት። እጅህም ወደኔ ነው የወጣው፤ ሰምቶሃል፣ ተኩራርቶ ነው። ደጋግመህ ጥራው። እምቢ ካለህም በሙሉ ስሙ ጥራው። እኔም የምነሳው «ሮዊና ጆይ ማካሊስተር!» የተባለ ጊዜ ነው።

ፋሲካው አለፈ። ስለ ውድድሩ ደግሞ፦ ጋሽ ሜርቭ አንድ ዓሣ ያዙ፣ እሳቸውም ዓሣውም ደነገጡ። ስለኔ ግን የሚወራ የለም። እናቴ ሰላም ብላሃለች። ከቀይዋ ዶሮ በቀር ሁሉም ይጥላሉ፤ ቀይዋ አንተን እየጠበቀች ነው። ቤትህን በተመለከተ ምንም አዲስ ነገር የለም።

አትጠይቂኝ ስላልከኝ ይሄ ጥያቄ አይደለም፤ ብሶት ነው። ትሉ ሥጋውን ነክሷል። ጣቶቼ በግራና በቀኝ ደርሰዋል። መቼ ነው የምዘጋቸው? ቶሎ ስዘጋ ይሰምጣል፣ ሳጠብቅ ይበጠሳል፣ ስዘገይ በልቶ ይሄዳል። ጋሽ ሜርቭ አያውቁም፣ እናቴ አታውቅም። በዓለም ላይ ይህን የሚያውቅ አንድ እጅ ብቻ አለ፤ እሱም ብርድ ልብስ ላይ ተጋድሟል።

ሮዊና


ሲድኒ
ኤፕሪል 21

ሮ፤

ሙሉ ስሙን ጠራሁት። ፓናዮቲስ ከማን ጋር ነው የምታወራው አለኝ። ነገርኩት። አልሳቀብኝም።

እዚህ ማክሰኞ ማክሰኞ ራት ፓስታ ነው። እንትፍ የሚያሰኝ ፓስታ። ፓናዮቲስ ከሳህኑ አንድ ክር መዘዘና በሁለት ቁራሽ ዳቦ መሃል አሾለከው። በዚህ በኩል ጫፉን ብቅ አደረገው፣ በዚያ በኩል በደህናው እጁ ያዘው። «ይኸው ትልህ። ያዘው» አለኝ። በቀኜ ስሄድበት ወደ ውስጥ ይስበዋል! አንዴ ሲያመልጠኝ፣ አንዴ ሲበጠስብኝ ራቱ ቀዘቀዘ። ሰደብኩት። በግሪክኛ መለሰልኝ፤ ምርቃት አይመስለኝም። በማግስቱ ከወጥ ቤት ሌላ ፓስታ አስለመነ። አሁን በተራ ነው፤ እኔ ትል ስሆን እሱ ይይዛል። በየአልጋው ያሉት ሽማግሌዎች ከራት በኋላ የሚሰጣቸውን ጣፋጭ ጄሊ አስይዘው ይወራረዱብናል።

የእጅ ሕክምናውን የምትሰጠን ሚስ ሄዘር አንድ ቀን በሩ ላይ ቆማ አየችን። አለቀልን አልኩ። መቆንጠጫዎቿን ሰብስባ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ቆይ፣ ክርንህ ተንጠልጥሏል» ብላ ትራስ አስደገፈችው። «በል አሁን ሞክር» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ እጄ ቀለለኝ። ይህቺን ልጅ ያለ አግባብ ነው ያስቸገርኳት።

ትናንት አንዱ ፓስታ ሳይበጠስ ወጣ። ሙሉውን! ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበ፣ የዋናዋ ነርስ ጄሊ ተበላ።

መልሱ ይኸውልሽ፤ እጄን እያየሁ ነው የምነግርሽ። አውራ ጣቱ በየብሱ በኩል፣ ሌባ ጣቱ በባሕሩ በኩል። ጥፍር አይነካውም፣ የጣት ሥጋ ነው። መቼ ልዝጋ ላልሽው፦ ሲነክስ አይደለም። ሲነክስ ገና አሸዋውን በሙሉ ገላው ጨብጦ ይዟል፤ ያኔ ብትስቢው ተበጥሶ ይሞታል እንጂ አይለቅም። ሥጋውን ሊገነጥል ሲል ግን ጀርባውን ያጎብጣል። ያን ጊዜ ብቻ ነው የሚላላው። እስኪጎብጥ ጠብቂ። የቸኮለ ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው። ሲጎብጥ ዝጊ። አትመንጭቂ፣ ሳቢ።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅ። ስለ ቤቴ ሳልጠይቅሽ «ምንም አዲስ ነገር የለም» አልሽኝ። ሳይጠይቁት የለም የሚል ሰው ዘንድ አንድ ነገር አለ። ንገሪኝ።

ክላሪ


ታልዋ ቤይ
ኤፕሪል 29

ለአባባ፣ ከክፍሉ ሁሉ ጄሊ ለሰበሰበው፤

ለአንተ አለመንገር እንዴት ከባድ ነው! እናቴ «እንዳታስጨንቂው» ብላኝ ነበር። እንግዲህ አንተ ጠየቅከኝ፣ እኔ ደግሞ ታዛዥ ልጅ ነኝ።

አክስቴ ቬርና ከፋሲካ በፊት ክራባት ያሰረ የቤት ደላላ ይዛ መጥታ ነበር። ሰውዬው ቤቱን ሊያይ ነው፤ ድንገት አንተ ካልተመለስክ ብሎ። በረንዳውን በሜትር ለካ፣ መስኮቶቹን አንኳኳ፣ «የባሕሩ እይታ ግሩም ነው» አለ። እንዳጋጣሚ ያን ዕለት የሽታ ከረጢትህን ከፀሐይ ለማዳን በረንዳው ሥር አስገብቼው ነበር። ሰውዬው ዕቃ ቤት ሳይደርስ መሀረብ አወጣ። «እዚህ ቤት ሥር የሞተ ነገር አለ?» አለኝ። «ኧረ የለም፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ንፋሱ ከባሕር ሲመጣ ነው የሚብሰው» አልኩት። ንፋሱ ሁልጊዜ ከባሕር ነው የሚመጣው። ሻይ እንኳን ሳይጠጣ ሄደ።

እናቴ ተቆጣችኝ፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ ግን ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።

እስከዚህ ድረስ ያስቃል። ቬርና ግን አልሳቀችም። አልተቆጣችምም። ደረጃው ላይ ቁጭ አለችና «ወጥ ቤቱ ውስጥ ወድቆ ያገኘሁት እኔ ነኝ፣ ሮ። ያን ቀን ልጠይቀው ባልመጣ ኖሮስ? ብቻውን ሆኖ ደግሞ ቢወድቅስ?» አለችኝ። አጠገቧ ተቀመጥኩ። እሷም እንደ ከረጢቱ ትሸት ጀመር።

ስሄድ ስመጣ ሳስበው ቆይቼ አንድ ነገር አገኘሁ። የኋለኛው ክፍል ባዶ ነው፣ የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ደግሞ በርህ ላይ ነው የሚቆመው። እዚያ ባድር ጠዋት ጠዋት ረዘም አድርጌ እተኛለሁ። ለአንተ ብዬ አይደለም፤ ለእንቅልፌ ብዬ ነው። ለእናቴ ነገርኳት፣ ለቬርናም ጻፍኩላት። እስካሁን አልመለሰችልኝም።

ስለ ትሉ፦ እስኪጎብጥ ጠበቅኩ። ጎበጠ መሰለኝና ዘጋሁ። አልጎበጠም ነበር። መጉበጡ እንዴት ነው የሚታወቀው? በዓይን ነው ወይስ በጣት? ደግመህ ደጋግመህ ሞክረህ ንገረኝ። በየቀኑ ብትሞክር አይከፋኝም።

ሮዊና


ሲድኒ
ሜይ 23

የኔ ሮ፤

ይህን በቀኝ እጄ ነው የጻፍኩት። ዶሮዋ የተሻለ ትጽፍ ነበር።

ሐኪሞቹ ትናንት ተሰበሰቡ። ጠረጴዛው ዙሪያ ብዙ ነጭ ልብስ። ማንቆርቆሪያውን አነሳሁ፣ ጠረጴዛው ጥቂት ሻይ ጠጣ። ከዚያ ሸሚዙን ሰጡኝ። ቬርና ቦርሳዋን በሁለት እጇ ጨብጣ በሩ አጠገብ ቆማለች። ከላይ ጀመርኩ። ጣቴ ቁልፉን ሲይዝ ይንሸራተታል። ለራሴ «አትመንጭቅ» አልኩት። ጨርቁ እስኪላላ ጠብቄ ቁልፉን አሾለክሁ። እስከ ታች ወረድኩ፤ ፀሐይዋም አብራኝ ሳትወርድ አልቀረችም። ጨረስኩና ቀና አልኩ።

ዋናው ሐኪም ሸሚዜን አየ። ከታች አንድ ቁልፍ ተርፏል፣ ከላይ አንድ ቀዳዳ ተርፏል። አንዱን ዘልዬ ነው የጀመርኩት። እስክሪብቶውን አነሳ። በቃ፣ ዳክዬዎቹ ታዩኝ።

ይሄኔ ቬርና «ዶክተር፣ እኔን ሲድረኝም እንደዚህ ነበር የቆለፈው። ፎቶው አለኝ» አለች።

ሚስ ሄዘር ሳቋን መያዝ አቅቷት ወደ መስኮቱ ዞረች። ሐኪሙም ሳቀና ጻፈ። ወደ ቤት ነው የጻፈው፣ ሮ። ወደ ቤት።

ኮሪደሩ ላይ ቬርና አንገቴ ላይ አለቀሰች። ከዚያ ውሏን ነገረችኝ። አንቺ የኋለኛው ክፍል ውስጥ ታድሪያለሽ። እሷ በየምሽቱ ትደውላለች፣ እኔም አነሳለሁ፤ «ደህና ነኝ፣ አትምጡ» ብሎ መዝጋት ቀረ። ቆፍጠን ያለች ናት፣ በእናቷ ነው የወጣችው። ተስማማሁ። ፓናዮቲስ ገና ይቆያል። በበጋ ልጆቹ ያመጡታል፤ እስከዚያ ፓስታ የሚይዝለት አዲስ ሰው እያሠለጠነ ነው።

አሁን ወዳንቺ ጉዳይ። ሜርቭ ደብዳቤ ጻፈልኝ። በሕይወቱ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ግማሹ ስለ አየሩ ነው። ሌላው ግማሽ እንዲህ ይላል፦ «ልጅቷ የፋሲካን የወጣቶች ዋንጫ ወሰደችው። ያጠመደችው በራሷ ትል ነው። እኔ ካለፈው በጋ ጀምሮ ስትስብ አያታለሁ፤ አንዱንም አትበጥስም። ካንተ ትፈጥናለች። ይህን በማለቴ ይቅር በለኝ።»

ካለፈው በጋ ጀምሮ! እኔ ገና በሁለት እግሬ ስሄድ! ዓይን ያለው ያያል ስል የማን ዓይን እንደሚያየኝ ሳላውቅ ኖሬአለሁ። እንግዲያው እነዚያ ሁሉ ራሳቸው የተቆረጠ ትሎች የት ነው የሞቱት? አውራ ጣቱ በየት በኩል፣ ጥፍር ወይስ ሥጋ፣ መቼ ልዝጋ እያልሽ ስታለቅሺ የከረምሽው ለምንድን ነው?

አትመልሺልኝ። አውቄዋለሁ። ይህን ደብዳቤ የጻፈው እጅም ያውቀዋል።

በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ በቀትሩ ባቡር ነው የምመጣው።

አያትሽ
ክላሪ


ታልዋ ቤይ
ሜይ 26

ለአባባ፣ ቁልፍ ዘሎ ለሚቆልፈው፤

ደብዳቤህ ሲደርስ እናቴ ዳቦ ቤቱ ውስጥ ጮኸች፤ ሰልፉ ላይ የነበሩት ሁሉ አንድ ሰው የሞተ መስሏቸው ኮፍያቸውን አወለቁ። አልሞተም፣ ሊመጣ ነው አለቻቸው። ጋሽ ሜርቭም ሰልፉ ላይ ነበሩ። ዓይናቸው ውስጥ ዱቄት ገባ። ዱቄቱ ከመደርደሪያው ወዲያ ማዶ ነው ያለው፣ ግን ገባ አሉ።

ስለ እሳቸው ደብዳቤ ግን አዝናለሁ። አባባ፣ የኚህን ሰውዬ ወሬ ታምናለህ? በሩቅ ማያ መነጽራቸው ፔሊካን ወፍ አይተው ጀልባ ነው ብለው እጃቸውን ያወዛወዙ ሰው ናቸው! ዋንጫ የሚባለውንም አላውቅም። ወጥ ቤትህ መስኮት ላይ የቲማቲም ችግኝ የተከልኩባት የምታብረቀርቅ ነገር አለች፤ ጆሮዎችም አሏት፤ እሷ የአበባ ማስቀመጫ ናት።

የኋለኛውን ክፍል ጠርጌአለሁ። ቬርና ስልኩን አልጋህ አጠገብ አስተከለችው፣ ትናንትም ደውላ ሞክራው እኔ አነሳሁ። «ማን ልበል?» አልኳት። «ገና ከአሁኑ አያቱን መሰለች» አለችኝ። ቀይዋ ዶሮ ዛሬ ጠዋት ጣለች፤ ማን እንደነገራት አላውቅም።

እሑድ ጠዋት ውሃው በደንብ ይሸሻል። ከረጢቱን በአዲስ የዓሣ አጥንት ሞልቼ ፀሐይ ላይ አውጥቼዋለሁ፣ ጎረቤቶችም አንተ እንደምትመጣ በዚያው አውቀዋል። ወንበር አሸዋው ላይ እናወጣልሃለን። መቀመጥ ካስጠላህ ደግሞ እኔን ተደግፈህ ጎንበስ ትላለህ፤ ሰው ሲያልፍ ሁለታችንም የጫማችንን ክር እናስራለን።

ስለ ትሉ ግን እውነቱን ልንገርህ። ያልከውን ሁሉ አደረግኩ። አውራ ጣቱን በየብሱ በኩል አደረግኩ፣ በጣቴ ሥጋ ያዝኩ፣ እስኪጎብጥ ጠበቅኩ። ምንም አልሆነልኝም። አንድም ትል ይዤ አላውቅም፣ መቼም የምይዝ አይመስለኝም።

መጥተህ አሳየኝ።

ሮዊና